ኢንተርናሽናል 3800፦ ጡረታ የወጣ የተማሪ ሰርቪስ ቤት ሲሆን

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ የተማሪ ሰርቪስ ገዝቶ ቤት ለማድረግ ያሰበ ሰው ጨረታ ሲያስስ ደጋግሞ የሚያገኘው ኢንተርናሽናል 3800ን ነው፤ ኮፈኑ ወደ ፊት የወጣው ቢጫ አውቶቡስ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2004 አካባቢ ተሠርቷል (እዚህ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሻንሲው፣ ሞተሩና ኮፈኑ የኢንተርናሽናል ሲሆኑ ገላውን የገጠመው ሌላ ፋብሪካ ነው፦ አምትራን፣ ብሉ በርድ፣ ቶማስ። ስለዚህ ሁለት 3800ዎች ጎን ለጎን ቆመው የጣሪያቸው ከፍታ፣ የመስኮታቸው አሠራርና የሚዝጉበት ቦታ ሊለያይ ይችላል።

እንደ ተሽከርካሪ ከአምስት አራት ተኩል፣ እንደ ቤት ደግሞ ሁለት ተኩል እንሰጠዋለን። ተሽከርካሪነቱ የተፈተነ ነው፤ ከ1977 ወዲህ የተሠራ የተማሪ አውቶቡስ ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅና የላሜራው መጋጠሚያ እንዳይበታተን በፌዴራል ሕግ ግዴታ አለበት። ቤትነቱ ግን ገና ከእናንተ የሚጠበቅ ነው፤ ያፈሳል፣ ይበርዳል፣ ረዥም ሰው ያጎነብስበታል። ሞተሩን ሁሉም ያወድሳል፤ ገዢውን የሚያከስሩት ግን ካምቢዮውና ወለሉ ናቸው። ሁለቱም ማስታወቂያው ላይ አይታዩም።

ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ3,000 እስከ 7,000 ዶላር ነው። ትምህርት ቤቶች የሚሸጡት እንደ ጎቭዲልስና ፐብሊክ ሰርፕላስ ባሉ የጨረታ ድረ ገጾች በኩል ነው፤ በአሸናፊው ዋጋ ላይ የአጫራች ኮሚሽን እንደሚጨመር አትርሱ፤ አንዳንዴ አሥር በመቶ ያልፋል። አውቶቡሱ ያለበት ከተማ ድረስ ሄዶ ሳያዩ መጫረት ቁማር ነው። ሲዲኤል (የከባድ መኪናና የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ) ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ የአየር ፍሬን ፍተሻውን በቃሉ ያውቀዋል።

ሞተሩ

3800 ላይ ሁለት ሞተሮች ይበዛሉ። አንደኛው ዲቲ 466 ኢ ነው፤ 7.6 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር። ሁለተኛው ቲ 444 ኢ፣ 7.3 ሊትር ቪ 8፤ ፎርድ ፓወር ስትሮክ ብሎ የሸጠው ያው ሞተር ነው። ምርጫ ካለ ዲቲውን ውሰዱ። ሊነሮቹ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው የብረት ቱቦዎች፣ በውሃ የተከበቡና የሚነቀሉ በመሆናቸው ዕድሜው ሲያልቅ ሞተሩን ከሻንሲው ሳያወርዱ ፒስተንና ሊነር ቀይሮ ማደስ ይቻላል። ቲ 444ም ክፉ አይደለም፤ ኮፈኑ ሥር ጠብቦ ስለተቀመጠ እጅ አያስገባም እንጂ።

ሁለቱም ናፍጣውን የሚረጩት በሞተር ዘይት ግፊት ነው፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ኢንጀክተሩን ይገፋል፣ ኢንጀክተሩ ናፍጣውን ይረጫል። ስለዚህ እዚህ ላይ ዘይት ከማለስለስ ያለፈ ሥራ አለው። የቀጠነ፣ ያረጀ ወይም የጎደለ ዘይት አነሳሱን ያበላሻል። ሲቀዘቅዝ በቀላሉ የሚነሳ ሲሞቅ ግን እምቢ የሚል ሞተር ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የኢንጀክተሮቹ ኦሪንጎች (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች) ወይም የደከመ የዘይት ፖምፓ ናቸው፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ግፊቱ ማፈትለኪያ ያገኛል። ለዚህ ነው ሻጩን «እስክንደርስ እንዳታስነሳው» ማለት የሚያስፈልገው። ቀዝቃዛ አነሳሱንም፣ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁት አጥፍታችሁ ወዲያው ስታስነሱት የሚሆነውንም ማየት አለባችሁ።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታችሁ ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ጭስ የተለመደ ነው፤ ክዳኑን የሚያዘልል ትንፋሽ ካለ ፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል። የራዲያተሩን ውሃ ደግሞ በመመርመሪያ ወረቀት ፈትሹ። እንደ ዲቲው ያለ በውሃ የተከበበ ሊነር ሲንቀጠቀጥ ውሃው ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ይፈጠርና ብረቱን ከውጭ እየቦረቦረ ይበሳዋል፤ የሚከላከለው በማቀዝቀዣው ውስጥ የሚጨመር ኤስሲኤ የሚባል ቅመም ነው። በቅጡ ሲጠገን የኖረ አውቶቡስ ወረቀቱ ላይ ይመሰክራል። ደማቅ አረንጓዴ ተራ የመኪና ማቀዝቀዣ የተሞላበት ካገኛችሁ የሌላውንም ጥገና ተጠራጠሩ።

የኪሎ ሜትር ቁጥሩን ብዙ አትቁጠሩበት። 200,000 ማይል ለዲቲ እድሜ አጋማሽ ነው፤ ጭራሽ ጥቂት ሮጦ ለዓመታት የቆመ አውቶቡስ የባሰ ጣጣ አለው፤ ሲሎቹ ደርቀው፣ የፍሬን ቫልቮቹ ተጣብቀው፣ ታንከሩ ውስጥ ናፍጣው ሻግቶ ይገኛል።

ካምቢዮው፣ ማለትም ዋናው ጉዳይ

ሁሉም አሊሰን ነው ተብሎ ይጻፋል፤ እውነትም አውቶማቲኩ በአብዛኛው አሊሰን ነው። ልዩነቱ የትኛው አሊሰን የሚለው ላይ ነው። በ1990ዎቹ 3800ዎች ላይ በብዛት የተገጠመው ኤቲ 545 ነው፤ አራት ማርሽ፣ ቀላል፣ ርካሽ፣ ከተማ ውስጥ ተማሪ ለማመላለስ በቂ። ጉድለቱ የሞተሩን ጉልበት በዘይት በኩል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር አይቆለፍም። ማለትም ሞተሩና ጎማው መቼም ቢሆን ብረት ለብረት አይያያዙም፤ ሁልጊዜ በዘይት በኩል እየተንሸራተቱ ነው። በሜዳ ላይ ይህ ናፍጣ ያስበላል፤ ዳገት ላይ ግን ዘይቱን ያፈላዋል። የዴንቨርን ተራሮች ወይም አፓላቺያንን ለመውጣት ያሰበ ሰው ኤቲ 545 ከገዛ ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ ከነማራገቢያው፣ የሙቀት መለኪያም መግጠም አለበት። ዘይቱ ከ95 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከዋለ ሰላም ነው፤ 120 ከነካ ዳር ይዞ በዜሮ ማርሽ ሞተሩን ከፍ አድርጎ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ቁልቁለት ላይም የሞተር ፍሬንነቱ ደካማ ስለሆነ ሥራው ሁሉ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል።

ከዚህ የሚሻሉት ኤምቲ 643፣ ኤምዲ 3060 እና ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የመጡት የ2000 ተከታታይ ካምቢዮዎች ናቸው፤ ሦስቱም ኮንቨርተሩን ይቆልፋሉ። ሻጩ አያውቅም፤ ሰሌዳው ግን ያውቃል። ከአውቶቡሱ ሥር ገብታችሁ በካምቢዮው ጎን ያለችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ በጨርቅ ጠርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ሰሌዳው ከጠፋ መንገድ ላይ ይታወቃል፤ በመጨረሻው ማርሽ በቋሚ ፍጥነት እየሄዳችሁ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ጫኑ። የሞተሩ ዙር ወዲያው ዘሎ ከወጣና ፍጥነቱ ቀስ ብሎ ከተከተለ አይቆለፍም ማለት ነው። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ከተንቀሳቀሱ ተቆልፏል።

ፍጥነቱን ከመግዛታችሁ በፊት በወረቀት ማስላት ይቻላል፤ ብዙ ገዢ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ በኋላ ከባድ መኪና ሁሉ እየቀደመው ይሄዳል። የተለመደው 11 አር 22.5 ጎማ በአንድ ማይል ወደ 500 ጊዜ ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ሬሾ 5.29 ቢሆን፣ የኤቲ 545 የመጨረሻ ማርሽ አንድ ለአንድ ስለሆነ፣ ሞተሩ በ2,600 ዙር ሲጮህ የሚገኘው በሰዓት 59 ማይል ነው፤ በኪሎ ሜትር 95። ያው ዲፈረንሻል አምስተኛ ማርሹ 0.74 ከሆነ የ2000 ተከታታይ ካምቢዮ ጋር ሲሆን በ2,200 ዙር 67 ማይል ይሰጣል። ሞተሩ ይረጋል፣ ጋቢናው ውስጥ መነጋገር ይቻላል። ኤቲ 545 ያለውን አውቶቡስ ለማፍጠን ዲፈረንሻሉን መቀየር ይቻላል፤ ግን ማርሹ ሲረዝም ዳገት ላይ ያለው ጉልበት ይቀንስና የካምቢዮው ሙቀት ይብሳል። ስለዚህ ኤቲ 545 ያለው 3800 ሜዳ ለሜዳ ለሚሄድ፣ ብዙ ለሚቆም ሰው ካልሆነ አንመክርም፤ ዋጋው በ2,000 ዶላር ቢቀንስም።

ነዳጁን በተመለከተ በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ጠብቁ። 60 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ሙሉው 500 ማይል አካባቢ ያስኬዳል።

ፍሬኑ አየር ከሆነ ፈተናው አጭር ነው። አየሩ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይሙላ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ጎማውን በታኮ ያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ3 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ ፔዳሉን እየደጋገሙ አየሩን ማውረድ፤ ወደ 60 ሲጠጋ ማስጠንቀቂያው መጮህ፣ ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል የእጅ ፍሬኑ ቁልፍ በራሱ መዝለል አለበት። ሃይድሮሊክ ፍሬን ያለውም 3800 አለ፤ ይሠራል፣ ግን ለክብደቱ አየሩ ይሻላል።

የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ባሉት አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2317 ማለት የ2017 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ የሚገኘው ጥቂት የሮጠ አውቶቡስ ላይ ነው። ስድስት ጎማ ለመቀየር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚጠይቅ ከጨረታው ዋጋ ላይ ቀንሱት።

ዝገት

ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ከሚረጭበት ሰሜን የመጣ 3800 ከላይ ሲታይ ሎሚ መስሎ ከታች ወንፊት ሊሆን ይችላል። አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ የደቡብ ካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ስቴት ምሥራቃዊ ክፍል ደረቅ ቦታዎች ቢርቁም የጉዞውን ወጪ ይክሳሉ።

መዶሻና ወፍራም ካቻቢቴ ይዛችሁ ሥሩ ግቡ። የሻንሲው ብረት ላይ ላዩን ቀይ ዱቄት ማየት አያስደነግጥም፤ እንደ ቅርፊት የሚላጥ ንብርብር ካለ ግን ተመለሱ። ከዚያ የመግቢያ ደረጃዎቹን፣ የጎማ መሸፈኛውን ጉብታ ዙሪያ፣ የኋላ በሩን ሥርና ግድግዳው ወለሉን የሚገናኝበትን መስመር ውጉ። ይህ የመጨረሻው መስመር ከሁሉ ክፉው ነው፤ መስኮቱ ሲያፈስ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማልና። ውስጥ ገብታችሁ ወለሉን በእግራችሁ እየረገጣችሁ ሂዱ። ጥቁሩ የጎማ ምንጣፍ ሥር ኮምፔርሳቶ አለ፣ ኮምፔርሳቶው ሥር ላሜራ። እግር ሥር የሚሰምጥ ቦታ ካለ እንጨቱ በስብሷል፣ ላሜራውም አብሮት ነው።

ማፍረስና ወለል

72 ተማሪ የሚይዘው 24 መቀመጫ አለው። ብሎኖቹ ወለሉን ዘልቀው ሥሩ በዳዶ የታሠሩ ናቸው፤ ዝገት ስለያዛቸው በመፍቻ መታገል ቀን ይፈጃል። በግራይንደር ራሱን ቆርጦ ወደ ታች መምታት ይቀላል፤ መነጽርና የእጅ ጓንት የግድ ነው፣ የእሳት ማጥፊያም ከጎን ይቀመጥ፤ ፍንጣሪው የመቀመጫውን ስፖንጅ ያቀጣጥላል። የጣሪያው ላሜራ በአንዳንዱ ገላ በብሎን፣ በሌላው በሪቬት የተያዘ ነው። የሪቬቱ ጣሪያ ብዙ ቀን ይወስዳል፤ ቢሆንም አውርዱት፤ ከላዩ ያለው የፋይበር መስታወት ጥጥ እርጥበትና የአይጥ ጎጆ ይዞ ነው የሚገኘው።

ሽቦ ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር። የኋላ በሩና የድንገተኛ መስኮቶቹ ከሞተር ማስነሻው ጋር የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ተቆልፏል ብሎ ካሰበ ሞተሩ አይነሳም። በግምት የቆረጠ ሰው አውቶቡሱን ከቆመበት ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ሁለተኛው፣ ከሞተሩ እስከ ኋላ ድረስ የሚሄዱ የማሞቂያ ቱቦዎች ፍል ውሃ ያዘሉ ናቸው። ሞተሩ አጠገብ ያሉትን መዝጊያዎች ዘግታችሁ ውሃውን በባልዲ ተቀበሉ፤ መሬት ላይ ከፈሰሰ ጣፋጭነቱ ውሻ ይስባል፣ ይገድላልም።

ላሜራው ሲገለጥ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ ፎስፈሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማክሰሚያ ቀቡ፤ ሲደርቅ ሁለት እጅ የብረት ቀለም። የመቀመጫ ብሎን ቀዳዳዎቹን ብዙ ሰው በአሜሪካ አንድ ሳንቲም (ፔኒ) ይደፍናል፤ ልኩ ይገጥማልና። እኛ አንወደውም። ከ1982 ወዲህ የተመታው ሳንቲም ዚንክ ሆኖ መዳብ የተለበጠ ነው፤ መዳብ ከእርጥብ ብረት ጋር ሲገናኝ ብረቱን ያዝገዋል። ትንሽ ክብ የጋልቫናይዝድ ላሜራና ፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ ያው ዋጋ ነው፤ ከላይም ከታችም ቀቡት።

በላዩ 25 ሚሊ ሜትር ሰማያዊ ወይም ሮዝ የአረፋ ሰሌዳ፣ በላዩ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ከዚያ ክሊክ ፕላስቲክ ወለል። በአረፋው ውስጥ የእንጨት ፍርግርግ አትሥሩ፤ እንጨቱ ብርድ ያስተላልፋል፣ ክብደቱን አረፋው ራሱ ይሸከመዋል። ሴራሚክ አታንጥፉ፤ ገላው መንገድ ላይ ይጠማዘዛል፣ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

እዚህ ጋ የጣሪያው ከፍታ ይመጣል። ገላው በአብዛኛው በሁለት ልክ ነው የተሠራው፤ 72 ኢንች፣ ማለትም 183 ሴንቲ ሜትር፣ እና 77 ወይም 78 ኢንች፣ ማለትም 196 አካባቢ። ወለሉ ወደ 4፣ ጣሪያው ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ሲወስድ አጭሩ 175 ይቀረዋል። ጣሪያ ቆርጦ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የጎድን ብረቶቹን ሁሉ ከመስኮቱ በላይ ቆርጦ፣ በጃክ አንስቶ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ብረት አስረዝሞ መበየድ። ብየዳው የገላውን ጥንካሬ ስለሚወስን የመጀመሪያ ብየዳ መማሪያ አይሁን። ረዥም ሰው ከሆናችሁ ከፍተኛውን ገላ ፈልጋችሁ ግዙ፤ ከሁሉ ርካሹ የጣሪያ ማንሻ እሱ ነው።

ውሃ የሚገባበት ቤት

የ3800 መስኮቶች ከሃያ ዓመት በላይ ያንኑ የጎማ ማሸጊያ ይዘው ኖረዋል። ብርጭቆው ነጠላ ነው፤ ፍሬሙ በታችኛው ጥጉ ያፈስሳል። ውጭ ላይ ሲሊከን መለጠፍ አንድ ክረምት ያስኬዳል። መፍትሔው እያንዳንዱን መስኮት አውጥቶ፣ አሮጌውን ማጣበቂያ ፍቆ፣ በቡቲል ገመድ እንደገና መግጠም ነው፤ ማታከትስ ያታክታል። ከአልጋውና ከሻወሩ በኩል ያሉትን አውጥቶ በላሜራ መዝጋት ደግሞ ብርዱንም ፍሳሹንም ይቀንሳል። ላሜራውን በሪቬት ስትይዙት የላይኛው ከንፈር ሥር ይግባ፣ የታችኛው ላይ ይረፍ፤ ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ይህን ገልብጦ የሠራ ሁሉ ከማጣበቂያ ጋር ይኖራል።

ፍተሻው ቀላል ነው። አንዱ ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቁም፣ ሌላው ውጭ በጎማ ቱቦ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው ለአምስት ደቂቃ ያጠጣ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉን አርሶ የገባበት አይታወቅም። የጣሪያ መብራቶቹ ብሎን፣ የድንገተኛ መውጫ ክዳኑ፣ የቆመው የማስጠንቀቂያ መብራት ሽቦ የገባበት ቀዳዳ ይፈተሹ። ሦስት ዝናብ ሳያልፍ ፎም አታስረጩ። የሚረጨው ፎም በአንድ ኢንች በአር ቫልዩ (የሙቀት መከላከያ አቅም መለኪያ) ከስድስት እስከ ሰባት ይደርሳል፣ ጩኸቱንም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚያፈስ ስፌት ላይ ከተረጨ ውሃው ሌላ ቦታ እስኪወጣ ድረስ አይታይም።

ከውስጥ የሚመነጨው ውሃ አይናቅ። ሁለት ሰው ተንፍሶ ሻይ አፍልቶ ባደረ ማግስት ባዶ የጎድን ብረት ላይ ጠል ያዘላል። እንጀራ የሚጋግር ቤተሰብ ደግሞ ከምጣዱ አክንባሎ ሥር የሚወጣው እንፋሎት ጣሪያው ላይ ይንጠባጠባል። ከምጣዱ በላይ ባለ 14 ኢንች የጣሪያ ማራገቢያ፣ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ መስኮት ክፍት፣ ይኸው ነው። ቡና ለመቁላት የጭስ ማስጠንቀቂያውን ሽቦ የምትነቅሉ ከሆነ መልሶ መሰካት ይረሳልና ቁላቱን ከበሩ ውጭ አድርጉት።

ኤሌክትሪክ፣ በምጣድ ሲለካ

የባትሪ ስሌት ከሞባይልና ከአምፖል አይጀምርም፤ ከትልቁ ዕቃ ይጀምራል። አሜሪካ ያለው አበሻ ለእንጀራ የሚጠቀምበት የሌፍሴ (የኖርዌይ ቂጣ) መጋገሪያ በ110 ቮልት 1,400 ዋት ይስባል። ሃያ እንጀራ ለመጋገር ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ቢወስድ፣ ቴርሞስታቱ መሃል ላይ የሚያርፍበትንና ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን አቻችሎ ወደ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ የአንድ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ሙሉ አቅም ማለት ነው። ፍሪጁና ማራገቢያው ሲደመሩ አራት እንዲህ ያለ ባትሪ ቅንጦት አይደለም። ከአገር ቤት የመጣ 220 ቮልት ምጣድ አይታሰብ።

3,000 ዋት ኢንቨርተር በ12 ቮልት ሙሉ ሲሠራ ከ250 አምፒር በላይ ይስባል። ገመዱ 4/0 የሚባለው ወፍራሙ ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ባትሪው አጠገብ ክላስ ቲ ፊውዝ ይግባበት። ርካሽ ፊውዝ የሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ የሚፈጠረውን የእሳት ብልጭታ መቁረጥ አቅቶት ራሱ ይነድዳል። አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ 24 ቮልት ምረጡ፤ አምፒሩ በግማሽ ይወርዳል፣ ገመዱም ይቀጥናል። የሞተሩን ዲናሞ በቀጥታ ከሊቲየሙ ጋር አታገናኙ፤ ባትሪው የሰጡትን ሁሉ ስለሚቀበል ዲናሞው ያለ እረፍት ሠርቶ ይቃጠላል። መሃል ላይ 40 ወይም 60 አምፒር የሚገድብ ቻርጀር ይግባ። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች አይሞላም፤ ስለዚህ ቦታው ቤት ውስጥ ነው እንጂ ሻንሲው ሥር ሳጥን ውስጥ አይደለም።

እያንዳንዳቸው 400 ዋት የሆኑ አራት ሶላሮች በጋ ላይ ጥሩ ፀሐይ ካገኙ በቀን ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ሊሰጡ ይችላሉ፤ በሰሜን ክረምት ግማሹም ላይገኝ ይችላል። የድንገተኛ መውጫ ክዳኑ ላይ ግን አይቀመጥ።

ጋዙ፣ ውሃው፣ ማሞቂያው በአጭሩ፦ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ብቻ በሚተነፍስ ሳጥን ይቀመጥ፣ ጠቋሚውም ወለል አጠገብ ይሰቀል። 100 ጋሎን ውሃ 378 ኪሎ ነው፤ በሁለቱ አክስል መካከል፣ ከማዕድ ቤቱ በተቃራኒ ጎን። 5 ኪሎ ዋት የናፍጣ ማሞቂያ መስኮቱ ያልተቀነሰለት 35 ጫማ አውቶቡስን ለክረምት አይበቃውም፤ ማርሚታው ግድግዳ አልፎ ውጭ ይውጣ፣ ወደ መስኮት አይዙር። ከፍታ ቦታ ላይ አየር ስለሚያንሰው ጥቀርሻ ያጠራቅማል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ሁለት፣ አንዱ ከአልጋው ራስጌ።

ወረቀቱ

ሊብሬውን ከአውቶቡስነት ወደ ሞተር ሆም ለማዞር ብዙ ስቴቶች የሚመለከቱት ከስድስት ነገር አራቱን ነው፦ ምግብ ማብሰያ፣ ፍሪጅ፣ መጸዳጃ፣ ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ፣ የውሃ ታንከርና ሲንክ፣ የ110 ቮልት መስመር ወይም ጋዝ። ቢጫው ቀለም ይቀየራል፣ የትምህርት ቤት ጽሑፉ ይፋቃል፣ የሚብለጨለጩት መብራቶችና የማቆሚያ ክንፉ ይነሳሉ። ቀለሙ ሳይቀየር መንገድ ላይ መውጣት በብዙ ስቴት ቲኬት ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉ በፊት ኢንሹራንሱን ጠይቁ፤ ከጨረታው በፊት ማለታችን ነው። ብዙ ኩባንያ በእጅ የተሠራ አውቶቡስ አይቀበልም፤ የሚቀበለውም ጣሪያው የተነሳን ወይም የእንጨት ምድጃ ያለውን ሊመልስ ይችላል። ኤሌክትሪኩንና ጋዙን ግድግዳ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ደረሰኙንም ያዙ። የፋብሪካው የክብደት ወሰን ብዙ ጊዜ 26,000 ፓውንድን ይበልጣል። ለግል ሞተር ሆም አብዛኛው ስቴት ሲዲኤል አይጠይቅም፤ ልዩ ፈቃድ የሚጠይቁ ግን አሉ፤ የአየር ፍሬን ላይ ያለውንም አቋም ከስቴታችሁ መንጃ ፈቃድ ቢሮ አጣሩ። ሥራው ሲያልቅ የከባድ መኪና ማደያ ላይ ባለው ሚዛን አስመዝኑት። ሁሉንም ቁምሳጥንና ታንከር በአንድ ጎን ያደረገ ቤት ኩርባ ላይ ይናገራል።

ርዝመቱ በኛ ግምት ከ28 እስከ 32 ጫማ ይበቃል። ባለ 37 ጫማው ቦታ ቢሰጥም በብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ያሉ የድንኳን ቦታዎች አይቀበሉትም። የ3800 ኮፈን ከውስጡ ርዝመት ይወስዳል፤ በምትኩ ሞተሩን ቆማችሁ ትጠግናላችሁ፣ ጩኸቱም ከጋቢናው ውጭ ይቀራል።

መንገድ ላይ ከመሣሪያ ሳጥኑ የማይጠፉት፦ የካምሻፍት ሴንሰር (ቲ 444 ኢ ላይ እየሮጠ ሞተሩን ቀጥ የሚያደርገው እሱ ነው)፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፣ አንድ ጋሎን የሞተር ዘይት፣ የአየር ቱቦ መቀጠያ፣ የጎማ ታኮ፣ እና ለሙሉ ክብደቱ የሚሆን ጃክ ባይኖር እንኳ የከባድ መኪና ጎማ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ስልክ ቁጥር።